ጋሽ ጨው የሰጣት እምቢታ

ስም በማውጣት ተማሪን የሚስተካከል የለም። የኬሚስትሪ መምህሩን "ጨው" ብለው የሰየሙት ገና ጠጉሩ ጥቁር፣ ወገቡ ቀጭን ሳለ ነው። ዓመቱ በተጀመረ ቁጥር አዲስ ክፍል ይገባና ከኮቱ ኪስ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፋል። "ይኼን የሚያውቅ እጁን ያውጣ!" ይላል። ጨው የማያውቅ ማን አለና፣ ክፍሉ በሙሉ እጁን ያወጣል። "ውሸታም ሁላ! ምላሳችሁ ያውቀው ይሆናል እንጂ እናንተስ አታውቁትም።" ዕድሜው ሲገፋ ስሙ ላይ "ጋሽ" ተጨመረና ጋሽ ጨው ሆኖ ቀረ። አንድም ቀን አልተቀየመም። እንዲያውም ሰነፍ ተማሪ ሲያጋጥመው "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል" የምትለዋን ተረት ጣቱን ቀስሮ ይናገርና ቀድሞ ራሱ ይስቃል።

ጨዉን ዘርግፎ የሚያወራው ወሬ ደግሞ ቤት ድረስ ተከትሎ የሚሄድ ዓይነት ነበር። ሶዲየም የሚባል ብረት አለ፤ በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ፣ ውሃ ሲነካው የሚንጣጣና የሚነድ፣ ከሰው ጋር መኖር ስለማይችል ላምባ ውስጥ ተነክሮ የሚቀመጥ። ክሎሪን የሚባል ጋዝ አለ፤ አረንጓዴ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ የሳበውን ሰው ሳንባ የሚያቃጥል። "ለየብቻቸው ሁለቱም ይገድሏችኋል" ይላል ጋሽ ጨው። "አገናኟቸው፣ ገበታችሁ ላይ ይቀመጣሉ።" ይኼን ሰምቶ የምሳ ዕቃውን በጥርጣሬ ያልከፈተ ተማሪ የለም።

የግራ ቅንድቡ ግማሹ ጠፍቷል። በወጣትነቱ፣ ለማሳየት ከሚበቃው በላይ ሶዲየም ውሃ ውስጥ ጥሎ፣ ቅንድቡን እዚያው አስረክቦ ነው። ተማሪዎቹ የጠፋውን ግማሽ በእርሳስ ሊስሉለት ሲመኙ ኖረዋል።

ሚስቱ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበረች። ጎረቤት "እትዬ ሃሎ" ነው የሚላት። ለስልክ ተራ ይያዝ በነበረበት ዘመን፣ ጋሽ ጨው ገና ጀማሪ መምህር ሆኖ ከቤተሰቡ ርቆ ሲመደብ፣ እናቱን ለማግኘት የሚያልፈው በእሷ ድምፅ በኩል ነበር። "ሃሎ፤ ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ።" ይቺን ብቻ ነው የምትለው። ነገር ግን እንዴት አድርጋ! ሰው መጠበቅን የሚወድድበት ድምፅ ነበራት። ጋሽ ጨው ደህንነቱን ለመናገር መደወሉን ቀጠለ፤ ሳምንት ሳይሞላ ይደውላል፤ ኋላ በየቀኑ ሆነ። በመጨረሻ እናቱ፣ "ልጄ፣ ደህና መሆንህን ካወቅኩ ቆየሁ እኮ፤ አሁን የምትደውለው ለማን ነው?" አሉት። በማግስቱ ኦፕሬተሯ "ማንን ላገናኝ?" ስትለው "ራስሽን" አላት። "ይጠብቁ" አለችው። ጠበቀ፤ አገባት።

ከዓመታት በኋላ በራሱ የሚያገናኝ ማሽን መጣና ኦፕሬተሮቹን አመስግኖ ሸኛቸው። ያ ድምፅ ልጆችን ወደ ገበታ ሲጠራ፣ ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ሲከራከር ኖረ። ልጆቹም አድገው፣ አግብተው፣ ወጡ። ቤቱ ውስጥ የሚያወራ ጋሽ ጨው ብቻ ነበር። እሱ እንደሆነ ከክፍል የተረፈውን ሁሉ ቤት አምጥቶ ነው የሚያወራው።

እንግዲህ የሰውን ወሬ ከመሃል የሚቆርጥ ነገር መጣ። ጉሮሮው ላይ ዕጢ ተገኘ። ከቀዶ ሕክምናው እንደ ነቃ ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "ሕይወትዎን አትርፈናል፤ ድምፅዎን ግን ወደ ነበረበት መመለስ አልቻልንም" አለው። ጋሽ ጨው በተሰጠው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ወዲያው ጻፈ፤ "ልውውጡ አይከፋም። አመሰግናለሁ።" ሐኪሙ ሳቀ፤ እትዬ ሃሎ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች።

እውነቱን ለመናገር ምስጋናው የአፍ አልነበረም፤ አፍም የለውማ። ነርሷን አመሰገነ፤ አልጋ የሚገፋውን አመሰገነ፤ ወለሉን የምታጸዳውን ሴት እንኳ "አመሰግናለሁ" የሚል ሰሌዳ ይዞ ኮሪደር ለኮሪደር ተከተላት። ጠዋት መስኮቱን ከፍቶ አየር ሲስብ ዐይኑ እንባ ያቀርራል። መኖሩን እንደ ስጦታ የቆጠረ ሰው ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። ምስጋና የሚችልበትን ያህል እርዳታ መቀበል አይችልበትም። ዕድሜውን ሙሉ ሰጪ ሆኖ የኖረ ሰው፣ ተቀባይ ሁን ሲሉት ቅስሙ ይሰበራል። "ልደግፍህ?" ትለዋለች ሚስቱ፤ ሰሌዳው ላይ "እምቢ" ይጽፋል። "ኮትህን ልያዝልህ?" "እምቢ።" "ሾርባውን ላቀዝቅዝልህ?" "እምቢ።" ቃሉን በየደቂቃው መጻፍ ሲሰለቸው የመድኃኒት ካርቶን ቀደደና "እምቢ" ብሎ በትልቁ ጽፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከዚያ በኋላ ሥራው ማውጣትና መመለስ ብቻ ሆነ።

"አይ የኔ ነገር! ዳኛ አግብቼ ኖሯል ለካ፤ ቀይ ካርድ አውጪ!" ትላለች እትዬ ሃሎ።

ሐኪሙ በሹክሹክታ ጥቂት ጥቂት ቃል እንዲለማመድ ነግሮት ነበር። ጋሽ ጨው መታጠቢያ ቤት ገብቶ፣ ውሃውን ከፍቶ፣ አንድ ቀን ሞከረው። የወጣው ድምፅ የዛገ የበር ማጠፊያ መሰለው። ውሃውን ዘጋ፤ አፉንም ዘጋ። ያን ድምፅ ለሚስቱ እንኳ አላሰማትም። ጎረቤቱ "ዝምታ ወርቅ ነው፣ አሁን ሀብታም ሆንክ" እያለ ሲቀልድበት ፈገግ ይላል፤ ውስጡ ግን ያርራል።

ከሕመም ፈቃዱ ተመልሶ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ አጨበጨቡለት። ጭብጨባው ሲያልቅ መከራው ጀመረ። ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ጀርባውን ማዞር አለበት፤ ጀርባውን ሲያዞር ወሬው ይነሣል፤ ወሬውን ለማስቆም ሲዞር የጻፈው ይቆማል። ጠረጴዛ ቢመታም፣ ቢያጨበጭብም የሰማው የለም። በሦስተኛው ቀን ፊሽካ ገዝቶ መጣ። ፊሽካውን ሲነፋው የራሱ ክፍል ፀጥ አለ፤ ግን የሚቀጥለው ክፍል ስፖርት የደረሰ መስሎት ጫማ ሊቀይር ግር ብሎ ወጣ። የስፖርት መምህሩም ተማሪዎቼን ሰረቀ ብሎ ተቆጣ።

ዳይሬክተሯ ቢሮዋ አስጠርታ ወንበር ሳበችለት። እሷም ራሷ በልጅነቷ የእሱ ተማሪ ነበረች።

"ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ አፍ አውጥቼ ይኼን መናገር ያሳፍረኛል" አለችው። "ግን ወላጆች እየመጡ ነው። ልጆቹ ምንም አልገባንም እያሉ ነው። ጡረታዎ እስኪደርስ የላቦራቶሪውን ዕቃ ክፍል ቢይዙልኝስ?"

ጋሽ ጨው ሰሌዳው ላይ "አንድ ዕድል" ብሎ ጻፈ።

"እሺ። ሐሙስ ጠዋት አዮኖችን የሚያስተምሩበት ክፍለ ጊዜ ነው። ከኋላ እቀመጣለሁ። በመጨረሻ ልጆቹን እኔ እጠይቃቸዋለሁ። ከገባቸው ዓመቱን እርስዎ ይጨርሳሉ። ካልገባቸው ግን ጋሼ፣ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ እሰጥዎታለሁ፤ አይቀየሙኝ።"

አልተቀየማትም። ወደ ቤት ሲሄድ ግን የዕቃ ክፍሉ መደርደሪያዎች ዐይኑ ላይ መጡበት። ጠርሙስ ጥያቄ አይጠይቅም። "ቲቸር፣ ለምን?" አይልም። ጋሽ ጨው የኖረው ለዚያች "ለምን?" ነበር።

ቤት ደርሶ የሆነውን ለሚስቱ ጻፈላት። እትዬ ሃሎ አንብባ ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና አጠገቡ ተቀመጠች።

"ስማኝ አንተ ሰውዬ። አንተ ሰሌዳው ላይ ጻፍ፤ እኔ ፊቴን ወደ ልጆቹ አዙሬ ላንብብልህ። ድምፅ እንደሆነ አለኝ። ማሽኑ ሥራዬን ወሰደ እንጂ ጉሮሮዬን አልወሰደ።"

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ካርቶኗ ወጣች። እምቢ።

"ስለ ኬሚስትሪ ምንም አታውቂም ልትለኝ ነው? ድሮስ የማገናኛቸው ሰዎች የሚያወሩትን አውቅ ነበር እንዴ? ማገናኘት ነው የኔ ሥራ።"

ካርቶኗ ከፍ አለች። እትዬ ሃሎ ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች፤ ድስቱን ከሚገባው በላይ እያንኳኳች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጨው ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩን ከመክፈቱ በፊት ቆም አለ። ከውስጥ ድምፅ ይሰማል። ገና ወጣት ሳለ፣ እጁ ላይ ያለው የስልክ እጀታ እስኪግል ያዳመጠው ድምፅ ነበር። "ሶዲየም፣ አሥራ አንድ ፕሮቶን፣ አሥራ አንድ ኤሌክትሮን። ይጠብቁ። ክሎሪን፣ አሥራ ሰባት ፕሮቶን፣ አሥራ ሰባት ኤሌክትሮን።" በመስኮቱ ጭላንጭል አየ። መጽሐፉን የስኳሩን ቆርቆሮ አስደግፋ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች፤ ለወንበሮቹ ታነብላቸዋለች። ፊቷ ላይ ከስልክ ቤት ከወጣች ጀምሮ ያላየው ደስታ ነበር። ድምፁን ያጣው እሱ ብቻ እንዳልሆነ ያን ዕለት ገባው።

ገብቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈ፤ "የጻፍኩትን ብቻ። አንድ ቃል አትጨምሪም።"

"ምን ጨማሪ አደረገኝ!" አለች እትዬ ሃሎ። አፍ ዳገት አይፈራም መቼም።

ሐሙስ ጠዋት ክፍሉ ገና ሳይሞላ ደረሱ። እትዬ ሃሎ ሰማያዊ ሹራቧን ለብሳለች፤ ጠጉሯን ወደ ኋላ አስይዛለች። ጋሽ ጨው ባትሪዎችና ትንሽዬ አምፖል በሽቦ አያይዞ፣ ስኳርና ጨው ለየብቻ የሟሟባቸው ሁለት ብርጭቆ ውሃና ጥቂት ደረቅ ጨው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዳይሬክተሯ ከኋላ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ተማሪዎቹ አዲሷን ሴትዮ እያዩ ይንሾካሾካሉ።

ጋሽ ጨው ጀርባውን አዙሮ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፈ። እትዬ ሃሎ ወደ ልጆቹ ዞረች። "ሃሎ" አለች። ይቺ አልተጻፈችም ነበር፤ ከልማድ አምልጣት ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀጥላ ግን "ሁሉም ነገር ከአቶም የተሠራ ነው" ስትል ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። ጮክ ብላ አልነበረም። የሚጠበቅ ድምፅ ነው፤ ተማሪዎቹም ጠበቁ።

ጠመኔው ይሮጣል፤ ድምፁ ይከተላል። በአቶም መሃል ኒውክለስ አለ፤ ፕሮቶኖች እዚያ ይኖራሉ፤ አዎንታዊ ናቸው። በዙሪያው ኤሌክትሮኖች በየምህዋራቸው ይዞራሉ፤ አሉታዊ ናቸው። ሶዲየም መጀመሪያው ምህዋር ላይ ሁለት፣ ቀጥሎ ስምንት፣ ዳር ላይ አንድ ብቻ አለው። ክሎሪን ሁለት፣ ስምንት፣ ዳር ላይ ሰባት አለው። ዳሩ ላይ ስምንት የሞላለት አቶም ሰላም ያገኛል። አርጎን የተባለው ጋዝ ሲፈጠር ጀምሮ ስምንት ስለሆነ ከማንም አይፈልግም፣ ለማንም አይሰጥም። ሶዲየም ግን ያቺን አንዷን ለክሎሪን ይሰጣል። ሶዲየም አዎንታዊ አዮን ይሆናል፤ ክሎሪን አሉታዊ አዮን ይሆናል።

ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ጓደኞቿ "ጠበቃዋ" ነው የሚሏት። ተከራክራ የማትጠግብ። እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ሰው ከሰጠ ይጎድልበታል። ሶዲየም ሰጥቶ እንዴት ነው ፕላስ የሚሆነው? ማይነስ መሆን ያለበት እሱ አይደል?"

ጋሽ ጨው ፈገግ አለ። ይቺ ጥያቄ በየዓመቱ ትመጣለች፤ እንደ ዘመድ ያውቃታል። ዞሮ ጻፈ። እትዬ ሃሎም አነበበች፤ "አሥራ አንድ ፕሮቶን አለ። አንድ ኤሌክትሮን ሲሄድ አሥር ይቀራል። አሥራ አንድ ሲቀነስ አሥር፣ ፕላስ አንድ።"

"ቁጥሩ ገብቶኛል" አለች ጠበቃዋ። "ለፈተና እጽፈዋለሁ። ግን አላምነውም።"

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ጋሽ ጨው ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ፤ በዓመታት ውስጥ ከዚህ የተሻለ መልስ አግኝቶ አያውቅም። በድምፁ ዘመን ይቺን ጥያቄ የሚያልፋት በቀልድ ነበር፤ አሁን ቀልዱም የለም። ያን ጊዜ ነው እትዬ ሃሎ ያልተጻፈውን የተናገረችው።

"የኔ ልጅ፣ ቃሉን እኮ ስሚው! አዎንታዊ ማለት አዎን ያለ ማለት ነው። ስጠኝ ሲሉት አዎን አለ፤ አዎንታዊ ሆነ። ያኛው ደግሞ አልሰጥም አለ፤ አሉታዊ ሆነ። አለቀ!"

ክፍሉ "ኦ!" አለ። "አዎን ያለ አዎንታዊ፣ አልሰጥም ያለ አሉታዊ" እያሉ ይቀባበሉት ጀመር። ጎበዝ ጎበዙ ደብተሩ ላይ ጻፈው። እትዬ ሃሎ ወደ ባሏ ዞራ አገጯን ከፍ አደረገች። ጋሽ ጨው ግን ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

ጠበቃዋ አልተቀመጠችም። "እትዬ፣ አርጎንስ? አሁን ያነበቡልን አርጎን ለማንም አልሰጥም ያለ ነው። ለምን ማይነስ አልሆነም?"

ሳቁ ሞተ። ሁሉም ሴትዮዋን አየ። ካፍ የወጣ አፋፍ፤ የተናገረችውን መልሳ ልትውጠው አትችልም። የአንገቷ ሥር ቀላ። በዚያ ሁሉ ዘመን መስመር ላይ ቃል አጥታ የማታውቅ ሴት፣ የሹራቧን ጫፍ እያፍተለተለች ቆመች። ሐሙሷን፣ ክፍሉን፣ የባሏን ዓመት በአንድ አረፍተ ነገር ያበላሸች መሰላት፤ ዐይኗ "ይቅር በለኝ" ይል ነበር።

ጋሽ ጨው ሊቆጣ ይገባው ነበር። አንድ ቃል አትጨምሪም ብሎ ነበርና። ነገር ግን ያን ፊት ሲያይ ቁጣው የት እንደገባ አላወቀም። ሊያድናት ፈለገ። ደግሞም፣ የሴትዮዋ ነገር ግማሹ ስህተት ነው እንጂ ግማሹ ወርቅ እንደሆነ አእምሮው ውስጥ ብልጭ አለ። አዎን። እምቢ። እጁ ሳያዘው ወደ ደረት ኪሱ ሄደ።

በፍጥነት ሰሌዳውን አጠፋ። ትልቅ ክብ ሣለና መሃሉ ላይ "አዎን" ብሎ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈ። በዙሪያው "እምቢ" ብሎ አሥራ አንድ ጊዜ ጻፈ። ከዚያ ሥሩ ላይ ጻፈ፤ ጠመኔው እየተሰበረ። እትዬ ሃሎ በቀጭን ድምፅ ጀመረች፤ "ፕሮቶን አዎን ነው። ከመሃል አይወጣም። ኤሌክትሮን ራሱ እምቢ ነው። አዎንና እምቢ እኩል ሲሆኑ አቶሙ ፕላስም ማይነስም አይደለም። እኔ ሶዲየም ነኝ።" ቆመች፤ ቀጣዩን መስመር አየች። "አንቺ ክሎሪን ነሽ።" ወደ ባሏ ዞረች። "እኔ? የምን ክሎሪን!"

ክፍሉ እንደገና ፈረሰ። ዳይሬክተሯም አፏን በእጇ ሸፈነች።

ጋሽ ጨው ከደረት ኪሱ ያቺን የመድኃኒት ካርቶን አወጣ። ጠርዟ ተበልቷል፤ ቃሏ ግን እንደ ጎላች ናት። ወደ ተማሪዎቹ አሳያት፤ እምቢ። ከክቡ ዙሪያ ካሉት እምቢዎች የዳሯን አንዷን በእጁ ደመሰሳት። ከዚያ ወደ ሚስቱ ሄደ፤ እጇን ያዘ፤ ካርቶኗን መዳፏ ላይ አስቀምጦ ጣቶቿን አጠፈላት።

እትዬ ሃሎ ካርቶኗን አየች፤ ባሏን አየች። ስንት ጊዜ አፍንጫዋ ሥር የተደቀነችባትን ካርቶን አሁን ይዛዋለች።

ጋሽ ጨው ተመልሶ ጻፈ፤ እሷም አነበበች፣ ድምፇ ትንሽ ሻክሮ፤ "ከእኔ ላይ አንድ እምቢ ሄደ። ምን ተረፈኝ?"

"አዎን!" አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

"እሷስ?"

"እምቢ በዛባት!"

"ቀድሞም ነበረብኝ!" አለች እትዬ ሃሎ፤ ይኼም አልተጻፈም።

ጠበቃዋ ዴስኳን መታች። "ገባኝ! የሰጠው እኮ ጥሩ ነገር አይደለም፤ ማይነስ ነው የሰጠው! ማይነስ ሲወጣለት ነው ፕላስ የሆነው። አርጎን ደግሞ አልሰጠም፣ አልተቀበለም፤ አዎኑና እምቢው እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ምንም አልሆነም።" ከዚያ ቀጠለች፤ "አዎን የበዛበትና እምቢ የበዛባት ይሳሳባሉ። ጨው እሱ ነው።"

ጋሽ ጨው ጠመኔውን አስቀምጦ ለልጅቷ እጅ ነሣ። ቀጥሎ አምፖሉን ያዘ። ሽቦዎቹን ደረቅ ጨው ውስጥ ሰካቸው፤ አልበራም። አዮኖቹ ተቃቅፈው ቆመዋል፣ የሚሄድ የለም። ስኳር በሟሟበት ውሃ ውስጥ ነከራቸው፤ አልበራም። ስኳር ሲሟሟ አዮን አይሆንም። ከዚያ ለሚስቱ ሽቦዎቹን ሰጣት፤ የጨዉን ብርጭቆ በዐይኑ አመለከታት። እሷም ነከረች። ውሃው ውስጥ እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱት አዮኖች መስመሩን አገናኙ፤ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ በራ። እትዬ ሃሎ ከተማሪዎቹ በላይ ጮኸች።

ዳይሬክተሯ ተነሣች። "አንድ ጥያቄ ከእኔ" አለች። ጋሽ ጨው ጠረጴዛውን ተደገፈ። "ማግኒዚየም ዳሩ ላይ ሁለት ኤሌክትሮን አለው። ከክሎሪን ጋር እንዴት ይዋሃዳል? ጠበቃዋ፣ አንቺ እንዳትመልሺ።"

ከኋለኛው ወንበር፣ ዓመቱን ሙሉ አፉን ከፍቶ የማያውቅ አንድ ልጅ ቀስ ብሎ ተነሣ።

"ማግኒዚየም የሚሰጠው እምቢ ሁለት ነው" አለ። "አንድ ክሎሪን ግን ቦታ ያለው ለአንድ እምቢ ብቻ ነው። ሌላ ክሎሪን መጥራት አለብን። ስለዚህ አንድ ማግኒዚየም፣ ሁለት ክሎሪን።"

ዳይሬክተሯ እስክሪብቶዋን ዘጋች።

"ጋሼ፣ ለዕቃ ክፍሉ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ" አለች። "እኔም ያኔ በቃሌ ሸምድጄ ነበር ያለፍኩት፤ ዛሬ ነው የገባኝ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው እውነት ነው። እትዬ፣ እርስዎ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ እንዳያስቸግሩዎት የመግቢያ መታወቂያ እናሠራለን። ፎቶ ይዘው ይምጡ።"

"ያረጀ ፎቶ ይሆናል?" አለች እትዬ ሃሎ። "አሮጌው ላይ ነው የማምረው።"

ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። በመንገዱ ዳር ባለው ጥላ ሥር ጎን ለጎን ሄዱ። እትዬ ሃሎ ስለ ክፍሉ ታወራለች፤ ስለ ጠበቃዋ፣ ስለ ኋለኛው ልጅ፣ ስለ አምፖሉ። ጋሽ ጨው ያዳምጣታል። ይቺን ሴት ማመስገን የነበረበት ዛሬ ብቻ እንዳልሆነ ያስባል። ለነርሷ፣ ለአልጋ ገፊው፣ ለወለል አጽጂዋ የጻፈውን ቃል ለእሷ አንድም ጊዜ አለመጻፉ አሁን ነው የታየው። የቅርብ ሰው ሁልጊዜ ያለ ይመስላል፤ እንደ ጨው።

ወደ ቤታቸው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ እትዬ ሃሎ ቆመች። ድፍረቷ ትንሽ ቀነሰ።

"ያው፣ ዛሬ አንድ ቃል አትጨምሪ ብለኸኝ ስንት ጨመርኩ። አምልጦኝ ነው። ነገስ... ነገም ልምጣ?"

እጁ ከልማዱ ወደ ደረት ኪሱ ሄደ። ባዶ ነው። ካርቶኗ እሷ ዘንድ ናት፤ የሹራቧ ኪስ ውስጥ ጠርዟ ይታያል። ሰሌዳውን ሊያወጣ ቦርሳውን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ጉሮሮውን ጠረገ። ሚስቱ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ሲገባት ፊቷ ተለወጠ።

"አዎን" አለ።

የዛገ ማጠፊያ ድምፅ ነበር። ነፋስ ቢኖር ይወስዳት የነበረች፣ ቀጭን፣ የተሰነጠቀች ቃል። እትዬ ሃሎ እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ እንባዋ እየወረደ፣ በዚያ በድሮው ድምፇ፣

"ሃሎ? መስመሩ አይሰማም" አለች። "እባክዎ ይድገሙት።"

ጋሽ ጨው ደገመላት። ቀጥሎም፣ ጉሮሮው እያመመው፣ "አመሰግንሻለሁ" አላት።